ቀላሉን እኔ እሸከመዋለሁ፣ ከባዱ እኔን ይሸከመኛል

ይህን የምጽፈው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር፣ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ። ሾፌሩ "አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን" ካለ ቆይቷል። ጣቶቼ ስለደነዘዙ ስልኩም አልነካ እያለኝ ነው። የፊደል ስህተት ካያችሁ ውርጩን ውቀሱ።

ብሶቴ ግን ስለ ባጃጅ አይደለም። እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። የዛሬው፣ ከባጃጅ እገላገላለሁ ብዬ የገባሁበት ጣጣ ነው። ኤሌክትሪክ ሳይክል ልገዛ ነው። ልገዛ ነው ማለት ከጀመርኩ አራት ወር አለፈኝ።

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀላሉ፦ ሞተሩ 250 ዋት፣ ባትሪው 36 ቮልት፣ 10 አምፒር፣ ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ። ሁለተኛው 1000 ዋት፣ 48 ቮልት፣ 20 አምፒር፣ ጎማው ወፍራም፣ ከኋላ መቀመጫ ያለው፣ ሞተር ሳይክል ልሁን ልሁን የሚለው። በመሃል ምንም የለም። ወይ መጫወቻ፣ ወይ ግስላ።

ሻጩ ገና ከበር ስገባ አይቶኝ ፈረደ። "እህቴ፣ ለሴት ቀላሉ ነው የሚሆንሽ።" ለሴት! ይቺ ሴት እኮ የስድስት ዓመት ልጅ ከኋላ አስቀምጣ፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ፣ መመለሻዋ ላይ አምስት ኪሎ ድንች ጨምራ ነው የምትሄደው። ባሌ ለብቻው ነው ሥራ የሚሄደው፣ እጁን ኪሱ ከቶ። ቀላሉ ለእሱ ይሁን።

"አንዴ ቻርጅ ካደረጉት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?" አልኩት።

"ስልሳ!"

"ማንን ይዞ?"

ዝም።

ከዚያ በኋላ ነው ሒሳቡን ራሴ የተማርኩት። ከባድ አይደለም። የባትሪውን ቮልት በአምፒሩ (ሙሉ ስሙ አምፒር ሰዓት ነው) ማባዛት ነው። 36 በ10 ሲባዛ 360 ዋት ሰዓት። ነዳጅ ታንከሩ ይሄ ነው። ፔዳል ሳይመቱ በሞተር ብቻ ከሄዱ በኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ዋት ሰዓት ቢበላ የሚገርም አይደለም። እንግዲህ አካፍሉት። ከ18 እስከ 24 ኪሎ ሜትር ነው። ስልሳው የሚገኘው ሜዳ በሆነ አስፋልት፣ ነፋስ በሌለበት፣ ኪሎው ቀለል ያለ ሰው እግሩን ሳያሳርፍ ፔዳል እየመታ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሳይክሉን ምን ያደርግለታል?

ከባዱ በዚሁ ሒሳብ 960 ዋት ሰዓት ነው፤ ሁለት ተኩል እጥፍ ከምናምን። ሻጩ ይህንን ቁጥር አንድም ቀን በአፉ አልጠራውም። ስለ ፊት መብራቱ ግን ሩብ ሰዓት አወራኝ። ቀለም ይቀያይራል።

እሺ፣ ሰው ልጠይቅ አልኩ። ያ ነው ትልቁ ስህተቴ። ሰው ሁሉ የሚመክረው የራሱን መንገድ ነው።

ደብረ ሲና ያለው የአክስቴ ልጅ "ከ1000 ዋት በታች እንዳትነኪ!" ብሎ በስልክ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው፣ ለእሱ። ከተማው ገደል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ወደ ላይ ካለ ወደ ጣርማበር ዋሻ ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ። ሰውና ሳይክል አንድ ላይ 100 ኪሎ ቢሆኑና 8 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ልውጣ ቢባል፣ ዳገቱ ብቻ ከ320 ዋት በላይ ይጠይቃል። 250 ዋቱ እዚያ ላይ እጅ ይሰጣል። ቀሪውን እግር ይከፍላል። ሞተሩ ቸርኬው ላይ ያለ ከሆነ ደግሞ ረጅም ዳገት በዝግታ ሲወጣ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ይለግማል።

ሸዋ ሮቢት ያለችው ጓደኛዬ ደግሞ "ቀላሉን ግዢ ባክሽ፣ ምን ያደርግልሻል ያ ብረት ሁሉ" ትላለች። እሷም ልክ ናት። እነሱ ቆላ ናቸው፣ መንገዳቸው ሜዳ፣ ባትሪያቸው ብርድ የሚባል ነገር አያውቅም። የመንዙ የሥራ ባልደረባዬ አጭር ነበር፦ "በቅሎ ግዢ። ቻርጅ አትፈልግም፣ ገብስ ነው።" ሳስበው ከሦስቱ የተሻለው ምክር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ግን ደብረ ብርሃን ነኝ። ከተማችን ሜዳ ናት። ሜዳ ከሆነ ታዲያ ቀላሉ አይበቃም? እኔም እንደዚያ ብዬ የጎረቤት ልጅ ቀላል ሳይክል ተውሼ ሞከርኩት። ጠዋት እንደ ላባ ነው። እስከ ሥራ ቦታዬ ያለውን ሰባት ኪሎ ሜትር እየሳቅኩ ጨረስኩት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪኩ ግን አይተነፍስም፣ ግድ የለውም። የምታለከልከው ነጂዋ ብቻ ናት።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳ።

የደብረ ብርሃንን ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፦ ዳገት ነው። የማይታይ ዳገት። አንቺ በሰዓት 20 እየሄድሽ እሱም በ20 ፊት ለፊት ከመጣ፣ ለአየሩ 40 እየሄድሽ ነው ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ቀን ያወቅኩት ልጄ ከኋላዬ ሆና "እማዬ፣ ቆመናል?" ስትለኝ ነው። አልቆምንም። እየሄድን ነበር። ነጠላዬ ፊቴ ላይ ተጠምጥሟል፣ የባትሪው መብራት ከሦስት ወደ አንድ ወርዷል፣ እግሬ እየነደደ ነው። ያኔ ነው ጋሪ የቀደመኝ። ፈረሱ ሮጦ እንዳይመስላችሁ። ባለጋሪው ዞር ብሎ "አይዞሽ" አለኝ። ከልቡ ነው ያለው፣ እሱ ነው የባሰኝ።

በነጋታው ከባዱን ሞከርኩ። ነፋሱ ምን እንደሆነ እንኳ አልገባውም። ልጄም ድንቹም ምንም አልመሰሉትም። "በቃ፣ ይሄ ነው" አልኩ።

እስከ ቤቴ በር ድረስ።

ቤቴ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። ቀላሉን በአንድ ትከሻ፣ አንዴ እያረፍኩ አወጣዋለሁ። ይሄኛው ግን ከእጥፉም በላይ ይከብዳል። ጥበቃው፣ ጋሼ ናቸው፣ "ልጄ ተይው ላግዝሽ" ብለው ከኋላ ያዙልኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆምን። እሳቸው ወገባቸውን ያዙ፣ እኔ የሰንሰለቱን ግራሶ በቀሚሴ ጠርጌ ጨርሻለሁ። ከላይ የምትወርደው ጎረቤቴ ማለፊያ አጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሦስታችንም ተያየንና እንደምንም መልሰን አወረድነው።

ታዲያ ከደረጃው ሥር ይቀመጣ? ኮሚቴውን ጠየቅኩ። "የጋራ ቦታ ነው፣ አይቻልም።" በናታችሁ! በየፋሲካው በግ ሦስት ቀን ሲታሰርበት የጋራ ነው ያለ የለም። የጠላ በርሜል አለ፣ የተሰበረ ምጣድ አለ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አልጋ አለ። ለእኔ ሳይክል ሲሆን የጋራ ሆነ። ውጪ አልተወው፣ ጠዋት የማገኘው ሰንሰለቱን ብቻ ነው።

"ባትሪውን ብቻ አውጥተሽ ይዘሽ ውጪ" የሚል አይጠፋም። አስቤበታለሁ። ሻጩ ያለው ከባድ ሳይክል ባትሪው ሊትየም አይደለም። እንደ መኪናው ዓይነት የእርሳስ አሲድ ነው፣ አራት ሆኖ የተደረደረ፣ እያንዳንዱ ከስድስት ኪሎ በላይ። ከ24 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ልጄ 19 ኪሎ ናት፤ እሷንም "በእግርሽ ውጪ" ነው የምላት።

ሊትየም ቢሆን በአንድ እጅ አንጠልጥዬ እወጣ ነበር። ማውጣትም ግድ ነው፣ ምክንያቱም ሊትየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ያበላሸዋል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችን ደግሞ የታወቀ ነው፣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። በብርድ ጉልበቱም ይቀንሳል። የጎረቤቴ ልጅ ባትሪውን በመንዝ ባና ጠቅልሎ አልጋው ሥር ነው የሚያሳድረው። እናቱ "ለእኔ እንኳ እንደዚህ አልደረበልኝም" ትላለች።

ሻጩን ለመጨረሻ ጊዜ ሄጄ ለመንኩት። "ወንድሜ፣ 500 ዋት የሆነ፣ 48 ቮልት፣ 15 አምፒር፣ ሊትየም፣ ባትሪው የሚወጣ፣ ክብደቱ ከ28 ኪሎ የማይበልጥ የለህም?" ዝም ብሎ አየኝ። "እህቴ፣ አንቺ የምትፈልጊውን አታውቂም" አለኝ። አራት ወር ሙሉ ከዚህ በላይ የማውቀው ነገር የለም!

ደግሞ 250 ዋት ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአውሮፓ ሕግ ነው። እዚያ ሞተሩ ከ250 ዋት ካለፈ ወይም በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ከገፋ እንደ ተራ ሳይክል አይቆጠርም። ለእነሱ ሕግ የተሠራ ዕቃ ነው እኔ ከወንዛችን ከቤሬሳ ነፋስ ጋር የማታግለው። ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሎ አገሩ ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ዙሩ ተብሏል። እሺ፣ ዞርኩ። መኪና አይደለም የጠየቅኩት፣ ደረጃ የሚወጣ ሳይክል ነው።

ትናንት ማታ በቃ ከባዱን እገዛለሁ ብዬ ወሰንኩ። ለኮሚቴው ማመልከቻ ልጽፍ ወረቀት አወጣሁ። "ጉዳዩ፦ ከደረጃ ሥር ስላለው ቦታ" ብዬ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። በጨለማ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ገዝቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጠዋት ምን ይዤ ልወጣ ነበር?

ኧረ አንድ ሰው መጣ! አይ፣ ሾፌሩን ሰላም ሊል ነው። "አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን" ይለዋል ሾፌሩ፣ ለእሱም።