ኤማ ሚስተር ናይትሊን «ጋሼ» ልትለው አይገባም

የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የጄን ኦስተንን ልብ ወለድ «ኤማ» ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ገና ምዕራፍ 1 ላይ አንድ ነገር መቁረጥ አለበት። ኤማ ሚስተር ናይትሊን ምን ብላ ትጥራው? እሷ 21 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ እሱ 37 ወይም 38 ነው። ታናሽ ወንድሙ እህቷን አግብቷል፣ ቤቱም ከመንደራቸው አንድ ማይል ያህል ቢርቅ ነው። የእኛ አገር ልጅ ብትሆን «ጋሼ» ትለው ስለነበር የተርጓሚው እጅ ወደዚያው ይሄዳል። ይህ ቃል ግን መጽሐፉን ይገድለዋል።

ምዕራፍ 38 ላይ፣ በዳንሱ ምሽት፣ ኤማ አብረው ቢደንሱ ነውር እስኪሆን ድረስ እህትና ወንድም አለመሆናቸውን ትነግረዋለች። እሱም «እህትና ወንድም! በፍጹም» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1815 መጨረሻ የወጣው ይህ ባለ 55 ምዕራፍ ልብ ወለድ ከወዳጅነት ወደ ፍቅር የሚታጠፈው እዚህ ላይ ነው። 37 ምዕራፍ ሙሉ «ጋሼ» ስትለው ከቆየች አንባቢው ታላቅ ወንድሟን ስታገባ ያያል።

ስለዚህ በንግግሯ «ሚስተር ናይትሊ» እና «እርስዎ» ይሁን፤ እሱ «አንቺ» ይበላት። ተራኪው ግን «እሱ» እንጂ «እሳቸው» እንዳይል፤ በአንቱታ የተተረከ ሰው አፍቃሪ ሆኖ አይታይም። ከባዱ የኤማ ሐሳብ ነው። ኦስተን የተራኪውንና የኤማን ድምፅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለምትቀላቅል ተርጓሚው መስመር በመስመር መለየት ይኖርበታል። የኤማ በሆነው ሐሳብ ውስጥ «እሳቸው» ይቆይ፤ ምዕራፍ 47 ላይ፣ ናይትሊ ከእሷ በቀር ማንንም ማግባት እንደሌለበት እንደ ቀስት ሽው ሲልባት፣ «የለባቸውም» መሆኑ ቀርቶ «የለበትም» ይሁን። አማርኛ እዚህ ጋ እንግሊዝኛ የሌለውን ጸጋ ይዟል።

በአፏ ግን አንቱታው ይጽና። ፍቅሩን ሲገልጽላት፣ ምዕራፍ 49 ላይ፣ «አንተ» ማስባል ያጓጓል፤ ስሕተት ነው። ምዕራፍ 53 ላይ «ጆርጅ» በይኝ ቢላት እንኳ እሺ የምትለው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲጋቡ። እንግሊዝኛው «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ስለማይለይ ኦስተን ርቀቱን ሁሉ የጫነችው በስሙ ላይ ነው። እዚያው ምዕራፍ 49 ላይ «እንደ ወዳጅ» ስትለው ቃሉ ያስደነግጠዋል። «እንደ ጓደኛ» ተብሎ እንዳይተረጎም፤ «ጓደኛ» ዛሬ ፍቅረኛም ማለት ስለሆነ ድንጋጤው ትርጉም ያጣል።

እንደ «ኤማ» ከወዳጅነት ወደ ፍቅር በሚታጠፉት ዘመናዊ ቀለል ያሉ የብሪታንያ የፍቅር ልብ ወለዶች ግን ጓደኛሞቹ እኩዮች ስለሆኑ አንቱታ የለም። ለእነሱ ሌላ መሣሪያ አለን፦ ልጁ ጓደኛውን በቀልድና በቅርርብ «አንተ» ይላታል። አንድ ቀን ሳያስበው «አንቺ» ሲላት አንባቢው ከሁለቱም በፊት ይሰማል። ይህ እንዲሠራ ግን «አንተ» ቀድሞ በሦስት አራት ትዕይንት መለመድ አለበት፤ ለውጡም አንዴ ብቻ ይምጣ፣ ተራኪውም አያብራራው። አራሚው እንደ ግድፈት እንዳያቃናው ደግሞ ረቂቁ ጠርዝ ላይ ምልክት ይደረግበት።