የጅማ ሰዎች ሆይ፣ ጀሪካኑን ከቤታችሁ አውጡ

ወገኖቼ፣ በተደበቀ ቤንዚን እሳት ስለተቃጠለችው ልጅ ዝም ብላችሁ ልታልፉ ፈልጋችኋል። እኔ ግን አላሳልፋችሁም።

ከመርካቶ ጀርባ ተከራዮች ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩበት አንድ ግቢ አለ። አንዱ ተከራይ ቤንዚን በጀሪካን ሞልቶ ከአልጋው ሥር ይደረድር ነበር። ግቢው በሙሉ ያውቃል። የባጃጅ ነጂዎች ማታ ማታ በሩን እያንኳኩ በሃይላንድ ጠርሙስ ይገዙታል። የአንዱ ጀሪካን ክዳን ጠፍቶ አፉ በፌስታል ታስሮ ነበር። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳልና ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ በበር ሥር ያልፋል። ጎረቤቲቱ ከሰል አቀጣጥላ ቡና ታፈላለች፣ ትንሽ ልጇ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ትነቱ እዚያ ደረሰ።

እሳቱን ይቅር እላለሁ፣ እሳት ነውና። ይቅር የማልለው ሌላ ነው። ሰው ውኃና አፈር ፍለጋ ሲራወጥ፣ እዚያው ግቢ የሚኖር ሌላ ሻጭ ከሁሉ አስቀድሞ ያወጣው የራሱን ጀሪካኖች ነው። ልጅቷ እየጮኸች እሱ ሁለት ሁለቱን አንጠልጥሎ፣ ፖሊስ ሳይደርስ ወደ ጓሮ ያመላልስ ነበር። ያስቆመው ሰው አልነበረም። ልጅቷን በጋቢዋ ጠቅልላ ያወጣቻት አንዲት አሮጊት ናት። በማግስቱ ጠዋት የጠርሙሱ ዋጋ ጨመረ። «ፖሊስ ስለመጣ እጥረት አለ» ተባለ። ገዢው ግን አልቀነሰም፤ ከፍሎ ሄደ። የልጅቷ እጆች እስካሁን በፋሻ ናቸው።

ምን ነካን? በሌሊት ለጀሪካን የሚቀዳው የማደያ ሠራተኛ ከእኛው መካከል ነው፤ አይቶ የሚያልፈው ደንብ አስከባሪም እንዲሁ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ አዋጅ ቅጣቱን አክብዷል፤ አዋጅ ግን የሰው አልጋ ሥር ገብቶ አይፈትሽም።

ለመሆኑ ይህን ያህል የምንስገበገብለት ቤንዚን የማን ነው? ከምድራችን አልፈለቀም። ገበሬያችን ለቅሞና አድርቆ ያቀረበው ቡና በሚያመጣው ዶላር ተገዝቶ፣ ጅቡቲ ወደብ ተራግፎ፣ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በቦቴ ተጉዞ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው። ባሕር ማዶ ጦርነት ሲነሣ ዋጋው ይንራል፣ መንገድ ሲዘጋ ማደያው ይደርቃል። እኛ ደግሞ ቀሪውን ከአልጋ ሥር እንደብቃለን።

ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ከመንገዱ ዳር የምታዩት የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ግን የራሳችን ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የማመንጨት አቅም አለው፤ ውኃው የተኛበትም መሬት የዚሁ የጅማ ገበሬ ማሳ ነበር። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለክል ቡና ቤት ተቀምጠን ሳቅን። መብራት በሚጠፋበት ከተማ የኤሌክትሪክ መኪና ተባለ! መብራቱ መጥፋቱ እውነት ነው። ነገር ግን መብራት ለምን ይጠፋል ብለን በአንድነት ሄደን ጠይቀን እናውቃለን? ለቤንዚን ግን ማደያ በር ላይ ተሰልፈን እናድራለን።

የባጃጅ ማኅበራት፣ እቁብ መጣል ታውቁበታላችሁ። በባትሪ የሚሄድ ባጃጅ ለመግዛት ጣሉት። መናኸሪያው ባትሪ የሚሞላበት ቦታ እንዲኖረው የከተማውን አስተዳደር ወጥራችሁ ያዙ። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፣ አውቃለሁ።

ጀሪካኑ ግን ጊዜ አይሰጥም። የተደበቀበትን ቤት የምታውቁ፣ ባለቤቱን ዛሬ ማታ አውጣ በሉት። እምቢ ካለ ለቀበሌ ንገሩ። ቂም እንደምትፈሩ ይገባኛል፤ ጉርብትና ከባድ ነው። ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ ብዬ ራሴን አላታልልም። አንድ ግቢ ደፍሮ ቢጀምር ግን ለሁለተኛው ይቀለዋል ብዬ አስባለሁ።