አዲሱ ውሻ ከነባሩ ጋር አብሮ ይብላ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቤተሰብ ጎዳና ላይ ያደገ ውሻ አንስቶ ግቢው አስገባ። ግቢው ውስጥ የቆየ ሌላ ውሻ አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ምግብ ሲመጣ ግን አዲሱ ነባሩን ካልነከስኩ ይላል። ምን ይደረግ? ሁለት ውሻ ወዳዶች አልተስማሙም።

ለየብቻ ይብሉ ባይዋ፦
ጎዳና ላይ ቶሎ ያልዋጡትን ሌላው ይቀማል። ይህን እያየ ያደገ ውሻ ሳህኑን የሚጠብቀው ጠግቦ ሳይሆን ሰግቶ ነው። ታዲያ ስጋቱን ማንሳት ነዋ! አንዱ ሰርቪስ ቤት፣ አንዱ በረንዳ ላይ ይብላ፤ መሃል ላይ በር ይዘጋ። ሲጨርሱ መጀመሪያ ሳህኖቹ ይነሱ፣ ከዚያ በሩ ይከፈት። ሽታ ስላለው ባዶ ሳህንም ያጣላል። አብረው ባይበሉ ምን ይቀርባቸዋል? የባሌን ቀይ ቀበሮ እዩት፤ በቡድን ይኖራል፣ ክልሉን በቡድን ያስከብራል፣ አይጥ ለማደን ግን ለየብቻው ነው የሚሰማራው።

አብረው ይልመዱ ባዩ፦
እህቴ፣ ቀይ ቀበሮ ፋሲካ አያከብርም። እኛ ግቢ ምግብ የሚመጣው በሳህን ብቻ ነው እንዴ? 55 ቀን ሽሮ የነካው እንጀራ ሲበሉ ለከረሙ ውሾች፣ በበዓሉ ቀን እንግዳው በረንዳ ላይ ሆኖ የበግ አጥንት ይወረውርላቸዋል። ያን ጊዜ በርሽ የት አለ? አጥንቱ መሃላቸው ያርፋል፤ ሊገላግል የገባ ልጅ ይነከሳል። ውሻው ያልተከተበ ከሆነ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ አለ።

ስለዚህ ይልመዱ። ሁለት ሰው ሁለቱን አስሮ ይያዛቸው። ነባሩ ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ ብቅ ሲል፣ አዲሱ አይቶት ሰውነቱ ገና ሳይገተር፣ ቁራጭ ሥጋ ይሰጠው። ነባሩ ሲሰወር ሥጋውም ይቁም። ርቀቱ ቀስ እያለ ይጠባል፤ አዲሱ ከተገተረ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ውሎ አድሮ ነባሩን ሲያይ ቀማኛ ሳይሆን ሥጋ የመጣ ይመስለዋል።

ለየብቻ ይብሉ ባይዋ፦
ጋሼ፣ ዘዴውን አልነቅፍም። ማን ይሠራዋል ነው የምለው። በብዙ ቤት ውሻ የሚመግበው በዚያ ሰዓት ሥራ ያልያዘ ሰው ነው፤ ዛሬ ዘበኛው፣ ነገ ሠራተኛዋ፣ ከነገ ወዲያ ልጁ። አንዱ በትዕግሥት ያመጣውን ሌላው ቸኩሎ ያበላሸዋል፤ አንዴ ከተናከሱ ደግሞ ልፋቱ ከዜሮ ይጀምራል።

ምልክቱንስ ማን ያነባል? ውሻው ሳያጉረመርም በፊት አንገቱን ሳህኑ ላይ ደፍቶ ድርቅ ይላል። አፉን ሳያነሳ ዓይኑን ወደ ጎን ይልካል፣ ነጩ ይታያል። ወይም ድንገት እየተስገበገበ መዋጥ ይጀምራል። ይህን ያላየ ሰው ማጉረምረሙን ሲሰማ ዱላ ያነሳል። የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ሊተው ይችላል፣ ስጋቱ ግን አለቀቀውም፤ ከዚያ በኋላ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። እንግዳ ሲመጣ አዲሱን ውሻ አስገብቶ መዝጋት ይቀላል። (የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን በዓልም ቢሆን ለማንኛቸውም አይወርወር፤ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።)

አብረው ይልመዱ ባዩ፦
በዱላው ነገር አንድ ነን። ግን በሩንስ የሚዘጋው ሰው አይደለም? ለማለማመድ ትዕግሥት የሌለው ቤት፣ ውሻው በኖረበት ዘመን ሁሉ ሳይረሳ በር ሊዘጋ ነው? ልምምዱ የሚያስፈልገው በሩ ለተረሳበት ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታትማ እኔም ለያይቼ ነው የማበላው፤ የትል መድኃኒቱን ይውሰድ፣ ምግብ በሰዓቱ እንደሚመጣ ይመን።

ለየብቻ ይብሉ ባይዋ፦
እንግዲያው እርስዎም የሚጀምሩት ከእኔ በር ነው! ይሁን፣ የሚያለማምዱት ሰዎች ሁልጊዜ እነዚያው ከሆኑ ልምምዱን አልቃወምም። ሁለት ሳህን አንድ በረንዳ ላይ ማስቀመጡን ግን አልቀበልም፤ አጥንትማ ከለመዱም በኋላ ለየብቻ ነው።