ማስተካከያ፦ ትንፋሹ በእንቅልፍ የሚቆራረጥ ሹፌር መንጃ ፈቃዱን እስከ ወዲያኛው አይነጠቅም

በደብረ ማርቆስና በደጀን ሹፌሮች መካከል «እንግሊዝ አገር በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ዳግመኛ መሪ አይጨብጥም» ይባላል። ትክክል አይደለም። በብሪታንያ ደንብ መንዳት የሚያቆመው ሕመሙ ቀን ላይ ከባድ እንቅልፍ የሚያመጣበት ሰው ነው። ሕመሙ መካከለኛ ወይም ጽኑ ከሆነ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ሲፓፕ በሚባለው አየር የሚገፋ መሣሪያ ወይም በሌላ ሕክምና እንቅልፉ ሲስተካከል ወደ መሪው ይመለሳል። ከዚያም የቤት መኪና ነጂ ቢያንስ በ3 ዓመት አንዴ፣ የአውቶቡስና የከባድ መኪና ነጂ በየዓመቱ ክትትል ይደረግለታል።

ይህ የእነሱ አገር ደንብ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ወሬውን ፈርቶ ሕመሙን የሚደብቅ፣ የዓባይ በረሃን ቁልቁለት እያንጎላጀ የሚወርድ ሹፌር ነው። ኃይለኛ ማንኮራፋትና የቀን ድብታ ካለባችሁ፣ እባካችሁ ሳትነዱ ሐኪም አማክሩ።