ለሰኔ 30 ጀግኖቻችን

ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ መደረብ ቅንጦት አይደለም። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት መረጃ የሚከማችበት ዳታቤዝም ሁለት ሰርቨር (የሚያሠራው ኮምፒውተር) ይደረብለት ቢባል ማንም አይገርመው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተካል፣ ባለጉዳይ አይጉላላም።

የእኛ መሥሪያ ቤቶች ግን የባሰ ጎበዞች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ የከረመ በጀት ሰኔ 20 ላይ ብንን ይላል። እስከ 30 ካላለቀ ይመለሳላ! ያኔ "ትልቁን አምጡ" ይባላል። ትልቁ የትኛው ነው? ውዱ ነዋ።

ኦራክል የሚባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር ውሰዱ። ተጠባባቂ ሰርቨር የሚያዘጋጀው ዳታ ጋርድ ያለው ኢንተርፕራይዝ በሚባለው እትም ብቻ ነው። በዋጋ ዝርዝሩ የአንድ ፕሮሰሰር ላይሰንስ፣ ማለትም የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ 47,500 ዶላር። 8 ኮር (የፕሮሰሰር ሠሪ ክፍል) ያለው ኢንቴል ማሽን 4 ፕሮሰሰር ተብሎ ይቆጠራል፤ 190,000። ተጠባባቂው ቁጭ ብሎ ቢውልም ሌላ 190,000። ለአንድ የመንዝ በግ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው እዚህ ጋ ትንፍሽ አይልም። ጨዋነት እንዲህ ነው!

ሲኩዌል ሰርቨር የሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ትንሽ ይራራል። የድጋፍ ውሉን እስከከፈሉ ድረስ ተጠባባቂው ሳጥን ውስጥ እንዳለ ጋቢ ነው፤ አይከፈልበትም። ብቻ አውጥታችሁ ለእንግዳ እንዳታለብሱት። ሪፖርት ካወጣችሁበት ላይሰንሱን ትገዛላችሁ። ስታንዳርድ የሚባለው እትምም ለሁለት ሰርቨር ይበቃል። ግን ርካሽ ነው፤ በርካሽ በጀት መቼ ያልቃል?

አንድ የአይቲ ልጅ "ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ እኮ ላይሰንስ አይከፈልበትም፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ተጠባባቂ ሰርቨር ይይዛል" ብሎ ነበር አሉ። ኃላፊው በትዕግሥት ሰሙት። ከዚያ "ልጄ፣ ነጻ ከሆነ ኮሚቴው ምኑን ሊያጸድቅ ነው?" አሉት። እኔም ብሆን መልስ የለኝም።

በቀደም ጉዳይ ይዤ ሄድኩ። "ሲስተም የለም።"

"ሁለት ሰርቨር ገዝታችሁ አልነበር?"

"አሉ እንጂ።"

አሉ፤ በመስኮቱ አየኋቸው። ጎን ለጎን፣ እንደ መንታ። ሁለቱም አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተዋል። ጠዋት ብርዱ ሲጠና የኃላፊው ማሞቂያም እዚያው ላይ ተሰክቶ ነበር፤ ማከፋፈያው ቀልጧል።

"ሌላ አትገዙም?" አልኩ።

"የዕቃ ግዢ እኮ እንዲህ ዝም ተብሎ አይሆንም፣ ጋሼ። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ዝቅተኛው ያሸንፋል።"