ማሽኑ ይቅደም ወይስ ካቻቢቴው?

የመከራከሪያ ጭብጥ፦ ኮምቦልቻ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ መፍጫ ይተከል ወይ?

ከኮምቦልቻ፦ ይተከል። ለመዳብ ብሎ ኬብል ማቃጠል መቆም አለበት። ልባሱ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ ሜዳ ላይ ሲነድ ዳዮክሲን የተባለ መርዝ ይለቃል፣ መዳቡ ራሱ ያባብሰዋል። መፍጫው ኬብሉን ከትክቶ መዳቡን ከልባሱ በንዝረትና በአየር ይለየዋል፤ ጭስ የለም። የኢንዱስትሪ ፓርክ አለን፣ የጅቡቲ መንገድም በእጃችን ነው። የገባለትን ሁሉ ይፈጫል፣ ምን እንጠብቃለን?

ከደሴ፦ «የገባለትን ሁሉ» ያሉት ነው የሚያስፈራኝ። ባለ ጉብታው የድሮ ቴሌቪዥን ይግባ? የኋላ መስታወቱ እርሳስ አለበት። በእጅ ሲፈታ እንኳ መጀመሪያ አንገቱ ላይ አየር ይገባለታል፤ አለዚያ ቫኪዩሙ ያፈነዳዋል። የስልክ ባትሪ ሳይወጣ ከተፈጨ ይነዳል። የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ከተፈጨ በላዩ ያለው ወርቅ ከአቧራው ጋር ይሄዳል። ይህን የደሴ ጠጋኞች በካቻቢቴ ይፈቱታል፤ ጠረጴዛ፣ ጓንትና ጭምብል ይሰጣቸው።

ከኮምቦልቻ፦ ስለ ኬብል ስናገር ቴሌቪዥን ጎተቱብኝ። ሥራውን እንደማያውቅ ሰው መመከር ደግሞ ያማል። እስቲ ይንገሩኝ፣ ቀጭኑን የኮምፒውተር ሽቦ በካቻቢቴ ማን ይልጠዋል? ወፍራሙን የሽቦ መላጫ ማሽን ይችለዋል፤ ፀጉር የሚያህለው ግን ምላጩ ላይ ይጠመጠማል። የሚቃጠለው ለዚህ ነው።

ከደሴ፦ «ሁሉን» ያልኩት እኔ አይደለሁም። አሁንም አልመለሱልኝም፤ ባትሪውን ማን ያወጣል?

ከኮምቦልቻ፦ ሰው ይቀጠራል! ዋናው ጥያቄ ዕቃውን ማን ያመጣል የሚለው ነው። ቆራሌው ነው። እሱ የሚያቃጥለው የጸዳ መዳብ በኪሎ ብልጫ ስላለው ነው። እንግዲያው ኬብሉ ከነልባሱ ይገዛ፦ ከ10 ኪሎ 6 ኪሎ መዳብ የሚወጣው ከሆነ የ6 ኪሎውን ዋጋ፣ የመፍጫው ወጪ ተቀንሶ። ያኔ ክብሪት የሚጭርበት ምክንያት የለውም።

ከደሴ፦ በዋጋው እስማማለሁ። ቦርዱም እንዲሁ ይገዛ፤ አለዚያ ለወርቁ ሲባል አሲድ ውስጥ ይነከራል፣ አሲዱም ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። ሳይሰበር፣ በዓይነቱ ተለይቶ፣ ቤልጂየም እንዳለው የኡሚኮር ዓይነት ማቅለጫ ይላክ። ግን ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአደገኛ ቆሻሻን ከአገር አገር ዝውውር የሚቆጣጠረው ባዝል ስምምነት ለማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የተቀባይ አገር ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ እስኪመጣ ቦርዱ መጋዘን ይቀመጣል። እስከዚያ ለቆራሌው የሚከፈለው ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ከኮምቦልቻ፦ ከኬብሉ። መዳብ እዚሁ አገር ወዲያው ይሸጣል። ማሽኑ ይቅደም የምለው ለዚህ ነው።