ጊንኮ ወይስ ኦሜጋ?

ሐዋሳ ላይ እንግሊዝኛ ማንበብ የቻለ ሰው ሳይወድ በግዱ ፋርማሲስት ነው። ከአሜሪካ የመጣ ብልቃጥ ሁሉ እኔ ሳሎን ሳይደርስ አይከፈትም። «እስቲ ይቺ ለምን እንደምትሆን እያት!» ድሮ ለጉልበት፣ ለወገብ፣ ለፀጉር ነበር። ሰሞኑን ለአእምሮ ሆኗል።

ጎረቤቴ ጋሼ ልጃቸው የላከችላቸውን ሁለት ብልቃጥ ይዘው መጡ፤ ጊንኮ ቢሎባ የሚባል የዛፍ ቅጠል ኪኒንና ኦሜጋ ሦስት የዓሣ ዘይት። እኔ ልመርጥላቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ከወደቀ በኋላ የጊንኮ ዛፎች መልሰው ማቆጥቆጣቸውን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ አዛውንት፣ ገሚሱ ጊንኮ ገሚሱ ባዶ ኪኒን፣ ስድስት ዓመት ያህል ሲውጡ ከርመው ጊንኮው የመርሳት በሽታን እንዳላስቀረ እ.ኤ.አ. በ2008 መታተሙን ስጨምር ግን እጃቸውን አወናጨፉብኝ።

«ቦምብ ያልገደለው ዛፍ እኔ አቅተዋለሁ?»

ኦሜጋውስ? እዚሁ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሮሶ ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ፣ ልጆቹ በቢላ ሲሰነጥቁት፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ በአንጀቱ ሲሻማ እያየን የዓሣ ዘይት በአውሮፕላን እናስመጣለን። እርግጥ ነው፣ ቆሮሶ በኦሜጋ ከሰርዲን አይስተካከልም። ሰርዲኑ ደግሞ ሱቅ ሞልቷል።

በጣም የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሐኪም ያዘዘላቸውን የደም ግፊት ኪኒን ጋሼ የሚውጡት ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነው። አንጎልን ከስትሮክ የሚጠብቀው እሱ ነበር! ግን ከከተማው ፋርማሲ የተገዛ ነው፤ ምን ክብር አለው?

ኦሜጋውን ኪሳቸው ከተቱና ጊንኮውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ይሄ ላንተ ይሁን። የምትረሳው አንተ ነህ።»

እኔ! «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ያለው ሰው መሰላል አውሶ የሚያውቅ መሆን አለበት። ጋሼ ጣሪያ ላስጠግን ብለው የወሰዱትን መሰላሌን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሁለት መወጣጫ አጉድለው መለሱት። «ድሮም እንዲሁ ነበር» ይላሉ እስከ ዛሬ። ለእኔ የሰጡኝን እፍኝ ሚስማር ግን ከነቁጥሩ ያውቁታል። ለዚህ ዓይነቱ መርሳት ጊንኮም አልተፈጠረለት።

ለማንኛውም፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ጊንኮ አይንካ፤ ሊያደማው ይችላል። ብልቃጡ እኔ ጋ ነው፤ የፈለገ መጥቶ ይውሰድ። መሰላል ግን አላውስም።